ጥፋቱ የማን ነው? ንጉሥ ኤዲፐስ በዐረብኛ መድረክ ላይ

አንድ ሰው አባቱን ማን መሆኑን ሳያውቅ ቢገድል፥ እናቱንም ማን መሆንዋን ሳያውቅ ቢያገባ፥ ጥፋቱ የማን ነው? የሰውየው ነውን? ገና ሳይወለድ ይህ ዕጣ እንዲደርስበት የፈረዱት አማልክት ናቸውን? ወይስ ትንቢቱን ፈርተው ሕፃኑን በተራራ ላይ ያስጣሉት ወላጆቹ? ሶፎክሊስ የተባለው የግሪክ ባለቅኔ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት ይህን ጥያቄ በአቴና ሕዝብ ፊት አቀረበው። ቴያትሩም «ንጉሥ ኤዲፐስ» ይባላል።

ታሪኩን ከተማሪዎች ብዙዎቹ ያውቁታል፤ ላላወቀው ባጭሩ እንዲህ ነው። ኤዲፐስ ስፊንክስ የተባለው አውሬ የሚጠይቀውን እንቈቅልሽ ፈትቶ የቴብስን ከተማ ከጭንቅ አዳነ። ስለ ውለታውም የሞተው ንጉሥ ዙፋንና ሚስት ተሰጡት። ከብዙ ዓመት በኋላ በከተማው ቸነፈር ገባ፤ ቸነፈሩ የሚለቀውም የቀድሞውን ንጉሥ የገደለው ሰው ሲገኝ ነው ተባለ። ኤዲፐስ ነፍሰ ገዳዩን አገኘዋለሁ ብሎ በአደባባይ ምሎ ምርመራ ጀመረ፤ መርምሮ መርምሮም ያገኘው ራሱን ነው። ንግሥቲቱ እናቱ ታንቃ ሞተች። እርሱም ዓይኖቹን በገዛ እጁ አጠፋ።

ወዳጄ አንባቢ፥ ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ይህ ቴያትር የዐረብኛ ተናጋሪዎችን መድረክ በወጣ ጊዜ የደረሰበትን ለመመልከት ነው። ነገሩ ለእኛም ፈጽሞ ሩቅ አይደለም። በእኛም አገር ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልየት»ን፥ ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ንና «ሐምሌት»ን ወደ ዐማርኛ መልሰዋል። የግብጽ ደራሲዎች ያደረጉት ግን ከትርጉም አልፎ የሄደ ነው፤ ታሪኩን እንደ አሮጌ ቤት አፍርሰው፥ ድንጋዩን ተሸክመው፥ በራሳቸው ግቢ ሌላ ቤት ሠሩበት። እንደዚህ ያለውን ሥራ ስንመዝን ብዙዎቻችን «ከጥንቱ ምን ያህል ራቀ?» ብለን እንጠይቃለን። እኔ በበኩሌ ሌላ ሚዛን ይሻላል እላለሁ። ደራሲው ጥፋቱን ከማን ላይ አንሥቶ በማን ላይ ጫነው? ተመልካቹስ ከቴያትር ቤት ሲወጣ ከጥፋቱ ድርሻውን ይዞ ይወጣል ወይስ እጁን ታጥቦ? (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮጳውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።)

ዐረቦች ከግሪኮች መጻሕፍት ጋር የተዋወቁት ከጥንት ጀምሮ ነው። በባግዳድ ዘመን የአርስጣጣሊስን ፍልስፍና፥ የጋሌኖስን ሕክምና፥ የኤውክሊድን የመስመር ትምህርት ወደ ቋንቋቸው መልሰው ለዓለም አቈይተዋል። ቴያትሩን ግን አልነኩትም። በአሥረኛው መቶ ዓመት አቡ ቢሽር መታ የተባለ የባግዳድ ክርስቲያን፥ አርስጣጣሊስ ስለ ቅኔ የጻፈውን መጽሐፍ ከሱርስት ወደ ዐረብኛ ሲመልስ «ትራዤዲ» ከሚለው ቃል ላይ ደረሰ። በአገሩ እንደዚያ ያለ መድረክ የለም፤ ስለዚህ «ውዳሴ» ብሎ ተረጐመው። «ኮሜዲ»ንም «ዘለፋ» አለው። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቈይቶ ታላቁ ፈላስፋ ኢብን ሩሽድ ሐተታውን ሲጽፍ ያንኑ ትርጓሜ ተከተለ። ይህን የሚያነብ ሰው ብዙ ጊዜ ይሥቃል። እኔን ግን አያሥቀኝም፤ ዕቃው ሳይመጣ ስሙ ብቻ ቀድሞ ሲገባ የሚሆነው ይኸው ነውና፥ በየመሥሪያ ቤቱም አጥተነው አናውቅም።

ዕቃው ራሱ የገባው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ነው። በ1847 ገደማ ማሩን አል ነቃሽ የተባለ የቤይሩት ነጋዴ ከሞልዬር ተነሥቶ የጻፈውን ቴያትር በገዛ ቤቱ አሳየ። ከዚያ በኋላ የሶርያና የሊባኖስ ሰዎች ቴያትሩን ወደ ግብጽ ይዘው ሄዱ። በዚያን ጊዜ ሕዝቡ ቴያትር ቤት የሚሄደው ዘፈን ለመስማት ነበር፤ ሼህ ሰላማ ሒጃዚ የተባለው ድምፀ መልካም ሰው ሮሜዎን ሲጫወት ሰው የሚመጣው ለሒጃዚ ድምፅ እንጂ ለሼክስፒር አልነበረም። ጣንዩስ ዐብዱ የተባለ ተርጓሚም ሐምሌትን ከፈረንሳይኛ ሲያመጣ በመጨረሻው ሳይገድለው ቀረ፤ ሐምሌት አጎቱን ተበቅሎ፥ በሕይወት ተርፎ፥ ዙፋኑን ወረሰ። ተርጓሚውን ብዙ አልወቅሰውም፤ ሕዝቡ ከፍሎ ገብቷል፥ ደስ ብሎት መውጣት ይፈልጋል። ነገር ግን በዳይ ተቀጥቶ ተበዳይ ከነገሠ ማንም የሚጠይቀው ጥያቄ አይተርፍም፤ ሁሉም የበዳዩን ሞት አጨብጭቦ ቤቱ ይገባል።

በፓሪስ የተማረው ጆርጅ አብየድ በ1912 በካይሮ «ንጉሥ ኤዲፐስ»ን በዐረብኛ ሲያሳይ ነገሩ መልክ ያዘ። በ1939 ደግሞ ጣሃ ሑሴን የሶፎክሊስን ቴያትሮች ተርጕሞ አሳተመ። ጣሃ ሑሴን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር የነበረ ሊቅ ነው፤ የዚህን ታሪክ መጨረሻ ሲተረጕም ምን እንዳሰበ ብሰማ እንዴት ደስ ባለኝ! ያም ሆነ ይህ፥ ከዚህ በኋላ የግብጽ ደራሲዎች ሶፎክሊስን በሚገባ ያውቁታል። የቀረው «የእኛ ኤዲፐስ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነበር።

በ1949፥ ባንድ ዓመት ውስጥ፥ ሁለት ደራሲዎች መልስ ሰጡ። የመጀመሪያው ተውፊቅ አል ሐኪም ነው። አል ሐኪም ሕግ ተምሮ፥ ፓሪስ ደርሶ ሲመለስ በግብጽ ገጠር ዐቃቤ ሕግ ሆኖ የሠራ ሰው ነው። ስለዚህ መዝገብ ምን እንደሚያወጣና ምን እንደሚደብቅ ያውቃል። ለኤዲፐሱ ረጅም መቅድም ጽፎለታል። በመቅድሙም ዐረቦች ፍልስፍናውን ወስደው ትራዤዲውን ለምን እንደ ተዉት ይመራመራል። ቴያትር የረጋ አገርና የረጋ ሕዝብ ይፈልጋል፤ ከበረሓ ወደ በረሓ የሚዘዋወር ሕዝብ በምን መድረክ ላይ ያቆመዋል ይላል። የርሱ ዐሳብ የግሪክን ትራዤዲ ከእስላሙና ከዐረቡ አስተሳሰብ ጋር ማጋባት ነበር። ችግሩ ግን ግልጽ ነው። እግዚአብሔር አንድና ጻድቅ ነው ብሎ የሚያምን ሕዝብ፥ ክርስቲያንም ይሁን እስላም፥ አማልክት ያልተወለደ ሕፃን ላይ ክፋት ዶለቱ የሚለውን እንዴት ይቀበል?

አል ሐኪም ጥፋቱን ከአማልክት ላይ አነሣና በሰው ላይ አደረገው። በርሱ ቴያትር ውስጥ ስፊንክስ የሚባል የለም። ኤዲፐስ የገደለው እንደ ማንኛውም ያለ አንበሳ ነው። ክንፍ ያለው፥ የሴት ፊት ያለው፥ እንቈቅልሽ የሚጠይቅ ነው ብሎ ለሕዝቡ ያወራው ቲሬስያስ የተባለው ዕውሩ ነቢይ ነው። ይህ ነቢይ ዙፋን ከአባት ወደ ልጅ መተላለፉን ጠልቶ፥ ሕፃኑን እንዲያስገድል ንጉሡን ያሳመነም እርሱ ነው። ከዚያም በገዛ ፈቃዱ አንድ እንግዳ ሰው መርጦ አነገሠ፤ የመረጠውም እንግዳ ያንኑ የሸሸውን ልጅ ሆኖ ተገኘ። ይህ የብልህ ሰው ሥራ ነው፤ በሰው ተንኰል ላይ የሚሥቅ ሌላ ፈቃድ እንዳለ ያሳያል፥ ግን እግዚአብሔርን በክፋት አይከስም። ኤዲፐስም ንጹሕ አይደለም። ዝናው በሐሰት ላይ እንደ ቆመ እያወቀ ዝም ብሎ ነግሦአል፤ ልጆቹ እንኳ የአውሬውን ተረት ከአፉ ይሰማሉ። እውነቱ ከተገለጠ በኋላ ደግሞ ዮካስታን «እንኑር» ይላታል! የምወዳት ሚስቴ ነሽ፥ እነዚህም ልጆቻችን ናቸው፥ የሆነው ቢሆን ይህ ቤት አለ ብሎ ይለምናታል። እርስዋ ግን አልቻለችም።

እኔ ይህን ቴያትር ያነበብሁት በትርጉም ነው፤ ከዚህ ቦታ ስደርስ መጽሐፉን አጥፌ ጥቂት ቈየሁ። ሶፎክሊስ የሌለው ነገር ነው። ጉድለቱ ግን ሰዎቹ አብዝተው መከራከራቸው ነው። አል ሐኪም ራሱ ቴያትሮቹን የሚጽፈው ለአእምሮ መድረክ እንደ ሆነ ተናግሮአል፤ ይህም ስለ ራሱ የተናገረው እውነት ነው። ተመልካቹ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሰማው ከጥፋቱ ይልቅ የጥፋቱን ፍልስፍና ነው።

ሁለተኛው ደራሲ ዐሊ አሕመድ ባከሲር ነው። ትውልዱ ከሐድራሞት ነው፤ የተወለደው ግን በኢንዶኔዥያ በሱራባያ ከተማ ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሚስቱ ሞታበት ሐድራሞትን ለቆ ሲሰደድ በሶማሌና በኢትዮጵያ በኩል ተዘዋውሮ፥ በሒጃዝ ሰንብቶ፥ በመጨረሻ ካይሮ ገብቶ ተቀመጠ። «የኤዲፐስ መከራ» የተባለውን ቴያትሩን የጻፈው በ1948 ዐረቦች በፍልስጥኤም ድል በሆኑ ማግስት፥ ልቡ በቈሰለበት ጊዜ ነው። ባከሲር ጥፋቱን ጠቅልሎ በቤተ ጣዖቱ ሊቀ ካህናት ላይ ጫነው። ትንቢቱን የፈጠረው፥ ትንቢቱም እንዲፈጸም መንገዱን ያዘጋጀው ይህ ገንዘብ ወዳድ ካህን ነው። ቲሬስያስ በባከሲር ዘንድ እውነተኛ አማኝ ሆኖአል፤ ንጉሡም የቤተ ጣዖቱን ሀብት ለተራበው ሕዝብ ሊያከፋፍል ይነሣል።

የባከሲርን ቍጣ አከብራለሁ። ሕዝብ ተርቦ ጎተራ ሲዘጋ ማየት የሚያስቈጣ ነው። ቴያትሩ ግን በዚህ ቦታ ተሸነፈ ብዬ እፈርዳለሁ። ክፉው አንድ ሰው ከሆነ፥ ስሙም መልኩም ከታወቀ፥ ተመልካቹ ምን ድርሻ አለው? ጣዖቱን አላገለገለ፥ ትንቢት አልፈጠረ፥ ጎተራ አልዘጋ። «ይህ ክፉ ሰው!» ብሎ ይወጣል። በ1948 የሆነው የአንድ ሰው ክፋት ብቻ አልነበረም፤ የታጠቀ፥ ያዘዘ፥ የታዘዘ፥ ያወራ፥ ያጨበጨበ ብዙ ሰው ነበረበት። የሐምሌት ተርጓሚ በመጨረሻው ያደረገውን ባከሲር በመጀመሪያው አደረገው።

ሃያ አንድ ዓመት አለፈ። በመካከሉ የግብጽ ንጉሥ ወረደ፥ ገማል ዐብደል ናስር ተነሣ፥ የስዌዝ ቦይ ተወረሰ፤ በሰኔ ወር 1967 ደግሞ በስድስት ቀን ጦርነት የግብጽ ሠራዊት ተመታ። በጦርነቱ ቀናት ራዲዮኑ ድል በድል ብሎ ነበር። በ1970 ዐሊ ሳሊም የሚባል ደራሲ «አውሬውን የገደልኸው አንተ ነህ» የሚል ቴያትር በካይሮ አቀረበ። ይህም የኤዲፐስ ታሪክ ነው፤ ግን ኮሜዲ ብሎ ሰየመው፥ ቦታውንም ከግሪኩ ቴብስ አንሥቶ በፈርዖኖች ቴብስ በላይኛው ግብጽ አደረገው። ስፊንክስም እዚያ አገሩ ነው፤ ግብጾች «አቡል ሆል» ይሉታል፥ የሽብር አባት ማለት ነው።

በዐሊ ሳሊም ቴያትር ኤዲፐስ እናቱን የማግባቱ ነገር ወደ ጓዳ ገብቶአል። ኤዲፐስ ብልህ ሰው ነው፤ ንጉሥ ካደረጋችሁኝ አድናችኋለሁ ብሎ ይዋዋላል፤ ወደ አውሬው ሄዶ ይመለሳል። ሕዝቡ ምን እንደ ሆነ አልጠየቀም። ሬሳ አላየም። «አውሬውን የገደልኸው አንተ ነህ!» እያለ መዝፈን ጀመረ። ንጉሡም አገሩን በአዲስ ብልሃት ሞላው፤ ከዘመኑ ሺሕ ዓመታት ቀድሞ ስልክ አስገባ፥ ቴሌቪዥን አስገባ። ስልኩም ቴሌቪዥኑም ያንኑ ዘፈን ያዳርሳሉ። የፖሊሱ አለቃ ዘፈኑን የማይዘፍነውን ይይዛል፤ ነጋዴዎቹ ያተርፉበታል፤ ምሁሩም ይመሰክርበታል። አንድ ቀን አውሬው ተመልሶ ከከተማው በር ቆመ። ሕዝቡ ወደ ንጉሡ ዞረ፤ አንድ ጊዜ የገደለው ሁለተኛ ይግደለው እንጂ! ኤዲፐስ ግን እያንዳንዳችሁ ራሳችሁ ልትቋቋሙት ይገባል ይላል። ምን ያደርጋል፥ መዝፈን እንጂ መቋቋም ያስተማራቸው አልነበረም። ክሬዎን የተባለው የጦር አለቃ ሕዝቡን አስከትሎ ወጥቶ ይሞታል።

ሰዎች ይህ ቴያትር ስለ ናስር ነው ይላሉ፤ በእርግጥም ያን ዘመን እያየ የተጻፈ ነው። ነገር ግን ስለ ናስር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባከሲር የወደቀበት ጉድጓድ ውስጥ በወደቀ ነበር። ዐሊ ሳሊም ንጉሡን ይወቅሳል፥ ከንጉሡ ይልቅ ግን ያላየውን የመሰከረውን ሕዝብ ይወቅሳል። እኔ ይህን ባነበብሁ ቍጥር የሚያስደነግጠኝ የፖሊሱ አለቃ አይደለም፤ ቴያትር ላይ ክፉ ፖሊስ ብዙ አይተናል። የሚያስደነግጠኝ የተማረው ሰው ነው። አውሬው መሞቱን እንደማያውቅ ያውቃል፥ ደግሞም መሞቱን ጽፎ ይፈርማል። በጠረጴዛ ዙሪያ የምንውል እኛ ይህን ስናነብ በርግጥ የግብጽን ነገር ብቻ ነው የምናነበው? ያላየነውን ሥራ «ተፈጽሞአል» ብለን ከበታች ወደ በላይ ያላስተላለፍን ማን አለን? ሶፎክሊስ ኤዲፐስን መርማሪ አድርጎ ወንጀለኛው ራሱ መሆኑን ሲያሳየው፥ ዐሊ ሳሊም ደግሞ ተመልካቹን መርማሪ አድርጎ ወንጀለኛው ራሱ ተመልካቹ መሆኑን አሳየው። በሦስቱ ውስጥ ለሶፎክሊስ ታማኝ የሆነው፥ ከሶፎክሊስ ከሁሉ አብልጦ የራቀውና በሣቅ የጻፈው ይህ ሰው ነው እላለሁ።

እንዲህ ሊሆን የቻለበት አንዱ ምክንያት ቋንቋው ነው። የዐረብኛ ደራሲ እኛ የማናውቀው ጣጣ አለበት። ሰው የሚጽፍበት፥ የሚሰብክበት፥ ዐዋጅ የሚነግርበት ዐረብኛ ሌላ ነው፤ በቤቱና በገበያ የሚናገርበት ዐረብኛ ሌላ ነው። ልክ አንድ ዐይነት ነው ባልልም፥ አንባቢ ግእዝንና ዐማርኛን ቢያስብ ነገሩ ይገባዋል። ትራዤዲ ክቡር ነገር ነውና በክቡሩ ቋንቋ ይጻፍ የሚለው ልማድ ጽኑ ነበር፤ አል ሐኪምም ባከሲርም እንዲሁ ጻፉ። አል ሐኪም ኋላ ችግሩ ተሰምቶት በ1956 በጻፈው በሌላ ቴያትሩ፥ ሲነበብ የመጽሐፍ ሲነገር ደግሞ የሕዝብ የሚመስል ሦስተኛ ቋንቋ ሞከረ። ዐሊ ሳሊም ግን በካይሮ ጎዳና ቋንቋ ጻፈ። በዐዋጅ ቋንቋ የሚናገር ንጉሥ ከሩቅ ይታያል፤ ጎረቤትህ በሚናገርበት ቋንቋ ሲዋሽህ ግን ውሸቱን ከቤትህ ታውቀዋለህ። ሙስጠፋ ሳፍዋን የተባለ ግብጻዊ ሊቅም በ1998 «ኦቴሎ»ን ወደ ግብጽ የጎዳና ቋንቋ መልሶ፥ ክቡሩ ቋንቋ የገዢ መሣሪያ ሆኖ እንደ ኖረ ተከራክሮአል። እዚህ ላይ በመጠኑ እለየዋለሁ፤ በክቡሩ ቋንቋም እውነት የተናገሩ ብዙ ናቸውና። በመድረክ ላይ ግን ሳፍዋን ያሸንፋል።

ከዚያ ወዲህ ከመጡት አንዱን ብቻ ላንሣ። ሱለይማን አል በሳም የተባለው የኩዌት ሰው «የአል ሐምሌት ጉባኤ» የሚል ቴያትር ጻፈ፤ በ2002 በኤዲንብራ በእንግሊዝኛ፥ በ2004 በቶኪዮ በዐረብኛ ታየ። የሼክስፒር ሰዎች በጉባኤ ጠረጴዛ ላይ ማይክሮፎን ፊት ተቀምጠዋል። በመካከላቸው መሣሪያ ሻጭ አለ፤ ሁሉም ከርሱ ጋር ይነጋገራል። ሐምሌት ራሱ ወደ ጭካኔ ያልፋል። እጁ ያልቈሸሸ አንድም የለም። ቴያትሩ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ በመታየቱ የተቈጡ አሉ፤ እኔ ግን መሣሪያው ከየት እንደሚመጣ ለሚያውቅ ሰው ያ ተመልካችም ከጉባኤው ውጭ አልነበረም እላለሁ።

በመጨረሻ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ አንድ ነገር አለ። በ2013 በዮርዳኖስ ዋና ከተማ በአማን፥ ከጦርነት የሸሹ የሶርያ ሴቶች «የትሮያ ሴቶች» የተባለውን የኤውሪጲድስን ትራዤዲ አሳዩ። አዘጋጁ ዑመር አቡ ሰዐዳ ነበር። ሴቶቹ ተዋንያን አልነበሩም። የተሸነፈችይቱ ከተማ ሴቶች ለአሸናፊዎቹ ሲከፋፈሉ በሚያለቅሱበት ቴያትር ውስጥ የራሳቸውን ታሪክ ጨመሩበት። ኤውሪጲድስ ይህን ያሳየው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ415 ዓመት ነው፤ ያሳየውም ለተሸነፉት አልነበረም። የሜሎስን ደሴት ወንዶች ገድለው ሴቶችንና ሕፃናትን ባሪያ ካደረጉ ገና ዓመት ያልሞላቸው የአቴና ሰዎች ወንበር ላይ ተቀምጠው አዩት። በአማን ግን ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሌላ ሰው ነበር። በ2014 ሴቶቹ ወደ ዋሽንግተን ሄደው በአንድ ዩኒቨርሲቲ እንዲያሳዩ ተጋብዘው ነበር፤ የመግቢያ ቪዛ ተከለከሉ። በቴያትሩ ፈንታ፥ እነርሱ በአማን ሆነው፥ እዚያ ለተሰበሰበው ሰው በመስኮተ ምስል ተናገሩ።